ድመቷ ካዛንቺስን አታውቅም

ለነርስ ተማሪዎች አንትሮፖሎጂ አስተምራለሁ ስል ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ፊት ነው የሚያሳየኝ። መጀመሪያ «ምንድን ነው እሱ?» ይለኛል፤ ከዚያ በሐዘኔታ «እሺ፣ ዋናው ጤና ነው» ብሎ ወሬ ይለውጣል። እናቴ እንኳ ለዕድሯ ሴቶች «ልጄ ሐኪሞችን ታስተምራለች» ብላ ነው የምትገላገለው። እኔም አላርማትም ነበር። ቀልዱን እዚሁ ብጨርሰው ይሻላል መሰለኝ፤ ከዚህ በኋላ ብዙም አይኖረኝም።

ኮሌጁ ስታዲየም አካባቢ ነው። ከታች የካልሲና የቻርጀር ሻጮች ጩኸት እስከ አራተኛ ፎቅ ይሰማል፤ እኔም ድምፄን ከነሱ በላይ አድርጌ ነው የማስተምረው። አንድ ሰኞ ስለ ትምህርቱ ቅርንጫፎች እያስረዳሁ ነበር። አንዱ የሰውን ሥጋና ደም ያጠናል፣ አንዱ ልማዱንና እምነቱን፣ አንዱ አነጋገሩን፤ ሌላው ደግሞ ሰው ትቶት የሄደውን ዕቃና ፍርስራሽ እየቆፈረ ያያል። የሰውን ጤና ለመረዳት አራቱም ያስፈልጋሉ አልኩ።

ሰላማዊት የምትባል፣ ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣች።

«ሚስ፣ ማለቴ... ሌላው ይሁን። ፍርስራሽ መቆፈር ግን ከበሽተኛ ጋር ምን አገናኘው? እኛ እኮ መርፌ ነው የምንወጋው።»

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ከጥንት ሰዎች አጥንት ስለ ረሃብና ስለ በሽታ ብዙ ነገር ይታወቃል ብዬ የመጽሐፉን መልስ ሰጠኋት። ጻፈችው፤ ግን እንዳላመነችኝ ከፊቷ አየሁ። ትክክለኛውን መልስ ያገኘሁት በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ነው። ምነው ባላገኘሁት ኖሮ።

እናቴ ወይዘሮ አልማዝና እትዬ ጥሩነሽ ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ ግቢ፣ አንድ ግድግዳ ተካፍለው ኖረዋል። እትዬ ልጅ የላትም። ያደግኩት በሁለቱ መካከል ነው፤ እናቴ ስትቆጣኝ ወደ እትዬ እሮጣለሁ፣ እትዬ ስትቆጣኝ ወደ እናቴ። ግድግዳው ጭቃ ስለነበር አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ ከወዲያ ሆና «ይማርሽ» ትላታለች። ሰፈሩ ሲፈርስ ለሁለቱም ምትክ ቤት ተሰጣቸው፤ ግን አንዷ በከተማው አንድ ጫፍ፣ ሌላዋ በሌላው ጫፍ ደረሳቸው። እነሱ መለያየትን ጭራሽ አላሰቡትም። የደረሳቸውን አከራዩና ወሎ ሰፈር፣ ከአንድ ግቢ ጀርባ፣ አንድ ክፍል ሰርቪስ ተከራይተው ገቡ። እኔ ቤት እንዲመጡ ስለምናቸው እናቴ «ባልሽን ማታ ማታ በቁምጣ ማየት አልፈልግም» ብላ ነገሩን ዘጋችው።

ክፍሉ ንጹሕ ነበር። ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ አሉሚኒየም፣ በሩ ብረት። እትዬ የገቡ ዕለት ግድግዳውን በጣቷ አንኳኩታ «ይሄ ግድግዳ ሰው አያሰማም» አለች። ቅር እንዳላት ገብቶኛል፤ ግን ሲሚንቶ ነው፣ ምን ይደረግ?

ከካዛንቺስ አንድ ልማድ ይዘው መጥተዋል። በብርድ ወራት ሲመሻሽ ከሰሉን ደጅ ያቀጣጥላሉ፤ ጭሱ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፤ ፍሙ ነጭ አመድ ሲለብስ ማንደጃውን ወደ ቤት አስገብተው እየሞቁ ይተኛሉ። «ጭሱ ከወጣ ምንም አይልም» ይላሉ። እናቴ ከእናቷ የወረሰችው ነው፤ እኔንም ያሳደገችኝ በዚያ ሙቀት ነው። አንድም ቀን ማንንም አላሳመመም።

ሌላውን ልማድ እናንተም ታውቁታላችሁ። ብርድ ይመታል! ታክሲ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ፣ ላቡ እየወረደ፣ አንዱ መስኮት ገለጥ ሲያደርግ «ወንድም፣ ዝጋልን እንጂ፣ ብርድ ልታስመታን ነው?» የሚል ጠፍቶ ያውቃል? እናቴ የዚህ ሃይማኖት ጳጳስ ናት። ለእሷ የራስ ምታትም፣ የወገብ ሕመምም፣ የሆድ ቁርጠትም መነሻው አንድ ነው፤ የሆነ ቦታ የሆነ መስኮት ተከፍቷል።

ኅዳር ገብቶ ብርዱ ሲጠና ሁለቱም ራሳቸውን ያማቸው ጀመር። ጠዋት ሲነሱ ጭንቅላታቸው ይከብዳል፣ ያቅለሸልሻቸዋል፣ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። «ብርድ መታን» ብለው በበሩ ሥር ጨርቅ ወተፉ። አልተሻላቸውም። በመስኮቱ ላይ ላስቲክ ወጠሩ፣ ከሰሉንም ጨመሩ። ባሰባቸው። ክሊኒክ ስወስዳቸው ታይፎይድ ነው ተባለና መድኃኒት ዋጡ። ሁለተኛ ስንሄድ ጨጓራ ተባለ። በሦስተኛው አንድ ወጣት ሐኪም የምርመራውን ውጤት አገላብጦ አየና «እናቶች፣ ምንም የለባችሁም። በቅርቡ ያሳዘናችሁ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቃቸው። እናቴ ስለ ካዛንቺስ ነገረችው። እሱም ወደ እኔ ዞሮ «ጭንቀት ነው» አለኝ።

እኔም አመንኩት። ሰፈሩን ያጣ ሰው ሰውነቱም አብሮ ይታመማል ብዬ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ! ማስረጃም ነበረኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን ካዛንቺስ እወስዳታለሁ። እዚያ ደርሳ ትንሽ ስትቀመጥ ራስ ምታቱ ይተዋታል፤ ወሎ ሰፈር ተመልሳ ስታድር ይነሳባታል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? እትዬ ግን እግሯን ስለሚያማት አብራን አትሄድም። እሷ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ቤቱ አልወደደንም፣ ልጄ።»

የዚያን ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስደርስ የግቢው ባለቤት ወይዘሮ ንግሥት በረንዳው ላይ ቆመው ይጮሃሉ።

«ማነው መርዝ ያስቀመጠ? ለአይጥ ብላችሁ ከሆነ ንገሩኝ!»

እግራቸው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለች ድመታቸው አለች። ውሮ ነበር የሚሏት፤ ግራጫ፣ ወፍራም፣ ሰነፍ ድመት። እናቴ ደጃፍ ላይ ነጠላዋን ግንባሯ ላይ አስራ ቆማለች።

«ኧረ በማርያም፣ ወይዘሮ ንግሥት፣ እኛ መርዝ የት እናውቃለን?» ትላለች በደከመ ድምፅ።

«እኔማ ምን አውቃለሁ? ትናንት ማታ ደህና ነበረች!»

ሴትየዋን አባብዬ ዝም አሰኘኋቸውና ወደ ክፍሉ ገባሁ። እትዬ አልጋዋ ላይ ጋቢ ደራርባ ተኝታለች። ማንደጃው ከአልጋው አጠገብ ነው፤ ጥቂት ፍም ይዟል።

«እትዬ፣ ዛሬ እንኳ አብረሽን ነይ። መኪና እይዛለሁ።»

«አይ፣ የኔ ልጅ። ብርክ ብርክ ይለኛል። እናትሽን ውሰጃት፤ ስትመለስ ደህና ሆና ትመጣለች፣ እኔም ወሬዋን እሰማለሁ።» እጄን ያዘችኝ። «የኛን በር አካባቢ እይልኝ እሺ? ምን እንደሠሩበት።»

እሺ ብዬ ግንባሯን ሳምኳት። እናቴን ግቢው በር ላይ ጠበቅኳት፤ የእትዬን ነገር አሰናድታ መጣች። በኦሎምፒያ አድርገን ካዛንቺስ ደረስን።

አዲሱን መንገድ ያየ ያውቀዋል። ሰፊ ነው፤ መብራቱ ያምራል፤ ተቀምጠው የሚያርፉበት አግዳሚ ወንበር ሁሉ አለው። እናቴ ሁልጊዜ የምትቀመጥበት አንድ ወንበር አላት፤ ከፊቱ የመብራት ምሰሶ ቆሟል። በእሷ ልኬት ምሰሶው የቆመው የእትዬ በር በነበረበት ላይ ነው። ነፋሱ ነጠላዋን ያነሳባት ነበር፤ እሷም በሁለት እጇ ትሸበሽበዋለች።  ቀስ በቀስ ፊቷ ፈታ አለ።

«ይኸው ተወኝ፣» አለች ግንባሯን እየዳሰሰች። «አየሽ፣ ሰፈሬን ሳይ ይሻለኛል።»

ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ቤቱ በፈረሰ ዕለት ከግድግዳው ያነሳችው የጭቃ ጓል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ታወጣዋለች፤ እኔ ደግሞ እንዳላለቅስ ዓይኔን ወደ መንገዱ አዞራለሁ። የዚያን ቀን ግን «ያዢልኝ» ብላ እጄ ላይ አስቀመጠችው፤ ነጠላዋን ልታጣፋ።

ያዝኩት። ቀላል ነበር። ጭዱ በስብሶ የወጣበት ቦታ ሁሉ ክፍት ነው፤ ወደ ፀሐይ ባዞረው ብርሃን በመካከሉ አለፈ።

«ወይኔ እማዬ፣ ይሄ እኮ ወንፊት ነው።»

«ታዲያስ!» ሳቅ አለች። «ስንቴ ጋዜጣ ለጠፍንበት! ማታ መብራት ስናጠፋ የእትዬ ፍም በቀዳዳው ይታየን ነበር እኮ። ቀይ፣ ትንሽዬ። አንቺ ‹እትዬ አልተኛችም› ትዪኛለሽ።»

ትዝ አለኝ። አልጋዬ ላይ ሆኜ በግድግዳው ውስጥ የማየው ያ ቀይ ነጥብ ትዝ አለኝ፤ አብሮም ከቀዳዳው የሚገባው ቅዝቃዜ ጉንጬ ላይ የሚያርፈው። እናቴ ወሬዋን ቀጠለች።

«ያቺ ድመት ግን አሳዘነችኝ። ጠዋት ስነሳ እንደተኛች ቀርታለች።»

«የት?»

«እኛው ጋ ነዋ። ብርዱ ከገባ ወዲህ ከማንደጃው ሥር ነው የምታድረው።»

ጓሉን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሁለት አሮጊቶች በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ሰዓት፣ አንድ ዓይነት ሕመም ይታመማሉ። በሐዘን ነው አልን፤ ይሁን። ድመቷ ግን ወሎ ሰፈር የተወለደች ድመት ናት። ድመቷ ካዛንቺስን አታውቅም። የምን ሰፈር ናፍቋት ሞተች?

«እማዬ፣ ማንደጃውን ምን አደረግሽው?»

«ምን?»

«ማንደጃውን! ስንወጣ።»

«እትዬ በረደኝ ስላለች ለቡና ደጅ ያቀጣጠልኩትን ፍም ማንደጃው ላይ ሞላ አድርጌ አስገባሁላት። አመድ ለብሷል፣ ጭስ የለውም። ምነው?»

«በሩስ?»

«ከውስጥ ቀርቅሪው አልኳት። ጨርቁንም ወትፊው ብያታለሁ፣ ነፋስ እንዳይገባባት።»

ስልኬን አወጣሁ። የእትዬ ስልክ ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ወይዘሮ ንግሥት ጋ ደወልኩ።

«እኔ ለገሃር ነኝ፣ ለቅሶ መጥቼ። ግቢው ውስጥ ማንም የለም፣ ምነው ልጄ?» አሉኝ።

እናቴን በክንዷ ይዤ ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ። ያገኘሁትን ታክሲ በኮንትራት ያዝኩና ሹፌሩን «ወንድሜ፣ በእናትህ፣ ሰው ልትሞት ነው» አልኩት። ጎልማሳ ሰው ነበር፤ ዋጋ እንኳ ሳይጠራ ነዳ። መንገዱ ግን ተዘጋግቷል። አንዱን መብራት ስናልፍ ሌላው ይይዘናል። መኪናው ውስጥ ታፈንኩ፤ መስኮቱን እስከ መጨረሻው አወረድኩት።

«ዝጊው እንጂ፣ ብርድ...» አለችና እናቴ ዓይኔን አይታ አቋረጠች። «ምንድን ነው? ንገሪኝ።»

በኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር በድንገት አይነገርም። ቀስ ተብሎ፣ ተመክሮበት፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። እኔ ጊዜም ሰውም አልነበረኝም።

«ከሰሉ ነው፣ እማዬ። ያመማችሁ ከሰሉ ነው። እትዬ ስልክ አታነሳም።»

 እጄ ላይ የቀረውን ጓል ወሰደችና በሁለት እጇ ያዘችው፤ ወሎ ሰፈር እስክንደርስ በጉልበቷ ላይ የጭቃ ብናኝ ሲረግፍ አይ ነበር።

በሩን በጡጫም በእርግጫም ደበደብኩት። «እትዬ! እትዬ ጥሩነሽ!» መልስ የለም። ሹፌሩ ተከትሎን ገብቶ ነበር፤ አንዴ በሩን አየና ወደ መኪናው ሮጦ ክሪክ ይዞ ተመለሰ። ከበሩ አጠገብ ያለውን የመስኮቱን መስታወት በክሪኩ መትቶ ሰበረው፤ ላስቲኩን ቀዶ እጁን አስገባና የበሩን መቀርቀሪያ ሳበው።

ምንም አይሸትም ነበር። እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ጭስ የለም፣ ሽታ የለም፤ ሞቅ ያለ፣ ንጹሕ፣ የተነጠፈ ክፍል። እትዬ አልጋዋ ላይ በጎኗ ተኝታለች፤ ፊቷ ወዛም፣ ጉንጯ ቀላ ያለ ነው። ከታመመች ወዲህ እንዲያ አምሮባት አላየኋትም። ስነቀንቃት አንገቷ አብሮኝ ሄደ። ሹፌሩ ተሸክሟት ወጣ። እናቴ ማንደጃውን በባዶ እጇ አንስታ ደጅ ወረወረችው፤ መዳፏ መቃጠሉን ያወቅነው ሆስፒታል ከደረስን በኋላ ነው።

ድንገተኛ ክፍል የነበረችው ዶክተር ጊዜ አላጠፋችም፤ ኦክስጂን አደረገችላት። ከዚያ ወደኛ መጣች።

«የከሰል ጋዝ ነው። ደም ውስጥ ገብቶ የአየሩን ቦታ ይይዛል።»

«ጭስ አልነበረውም እኮ፣ ዶክተር፣» አለች እናቴ። «ነጥቶ ነው ያስገባሁት። እኔ እኮ አውቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ...»

«ጋዙ አይታይም፣ እናቴ። አይሸትምም። ክፍት ቤት ከሆነ በየቀዳዳው ይወጣል፤ እርስዎ ያሉበት ግን የተዘጋ ነው።»

እናቴ የታሰረ እጇን አየች። ማልቀስ የጀመረችው ያኔ ነው፤ ድምፅ አልነበረውም።

እትዬ አልሞተችም። ማክሰኞ ዓይኗን ገለጠች፤ እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እትዬ ዙሪያውን አየችና «አልማዝ፣ ልብሱን አስገባሽው? ሊዘንብ ነው፣ ግቢው ውስጥ ተሰጥቷል» አለች። መጀመሪያ የሰመመን ወሬ መሰለን። ቀናት ሲያልፉ ግን ገባን፤ የቅርቡ ዘመን ከውስጧ ተነቅሏል። ወሎ ሰፈርን አታውቀውም። የካዛንቺስ መፍረስ አልደረሰባትም። እናቴ በመጀመሪያው ጠዋት እጇን ይዛ ነገረቻት፤ እትዬ ደረቷን እየመታች መርዶ እንደተነገራት ሰው አለቀሰች። በማግስቱ ነቅታ «ቤት መቼ ነው የምንሄደው?» አለች። እናቴ እንደገና ነገረቻት፤ እንደገና ያው ለቅሶ። ከዚያ በኋላ አልነገረቻትም። «በየቀኑ መርዶ የሚነገረው ሰው የለም፣» አለችኝ። «ነገ እንሄዳለን እላታለሁ፤ ይህን ኃጢአት እኔ እሸከመዋለሁ።»

ከዕረፍት ስመለስ ሰላማዊት ደግማ ሳትጠይቀኝ ለዚያው ጥያቄዋ ሁለተኛ ጊዜ መለስኩላት። ከጓሉ የተረፈውን ቁራጭ ይዤ ክፍል ገባሁና በየወንበሩ አዞርኩት። ፍርስራሽ ከበሽተኛ ጋር የሚያገናኘው ይኸው ነው አልኳቸው። እንዴት እንደምንሞቅና ብርድን ለምን እንደምንፈራ ያልጠየቀ ሐኪም ደሙን ብቻ አይቶ ታይፎይድ ይላል። ሥጋውን የረሳች እንደኔ ያለች አስተማሪ ደግሞ ሐዘን ነው ትላለች። አሮጊቷ ቤቱ አልወደደንም ስትል ደግሞ ሁላችንም እንደ ብሶት ሰምተን እናልፋታለን። የፈረሰው ቤት ግን መልሱን በየቀዳዳው ይዞት ነበር። እኛ እያንዳንዳችን ቁራጫችንን ይዘን ተቀመጥን፤ ድመት እስክትሞት ማናችንም አላገጣጠምነውም። ሰላማዊት በዚህ ጊዜ ምንም አልጻፈችም። ጓሉን በመዳፏ ላይ ይዛ ቆየች።

እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ከድሮ ቤታቸው ተነስተው አዲስ ክፍል የገቡ እናት ወይም አባት አሏችሁ። እባካችሁ ስትጠይቋቸው «ምን አመመሽ?» ብላችሁ አትተዉት። መቼ ነው የሚያምሽ? የት ስትሄጂ ነው የሚተውሽ? አብሮሽ ማን ታመመ? ቤት ውስጥ የሚተነፍስ ሁሉ ይቆጠር፤ ድመቷም ጭምር። ከሰሉንም ዛሬውኑ ደጅ አውጡት። ጭሱ ወጥቷል ቢሏችሁ አትስሟቸው።

አሁን ሁለቱም እኔ ቤት ናቸው። ባሌ ማታ ማታ ረጅም ሱሪ ይለብሳል። እናቴ ካዛንቺስ መሄድ ትታለች። ቅዳሜ ስጠይቃት «ምን ላደርግ? እትዬ ጋ አለልኝ» ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ እትዬ ጠዋት ጠዋት ግቢውን፣ በሩን፣ የውሃውን ቧንቧ አንድ ባንድ ታወራላታለች።

ትናንት ብርድ ነበር። ከሥራ ስገባ እትዬ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ትጠቀልላለች።

«አልማዝ፣ መስኮቱን ዝጊው እንጂ። ብርድ ሊመታን ነው።»

ዕድሜዋን ሙሉ መስኮት ስትዘጋ የኖረችው እናቴ ብድግ አለች። ጋቢዋን አውልቃ እትዬ ላይ ደረበችላት። ጠባሳ ባለው እጇ መስኮቱን ይዛ ቆመች፤ መጋረጃው ፊቷ ላይ እየተማታ።

«ይግባ፣ እትዬ፣» አለች። «ይግባ።»